ጣት የምታክል ዓሣ

የአንድ ሰው ዕድሜ እንደ ውሃ ተንኖ ሲያልቅ ከሥሩ የሚቀረው ምንድን ነው? ይህን ጥያቄ ስንት የተማረ ሰው ሽበት እስኪያወጣ ሲያመነዥከው ኖሯል። ሹፌሩ ፍቅሬ ግን አላመነዠከውም። እሱ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ውሃ ተንኖ የቀረውን ነገር በተሳቢ ሲጭን ነው የኖረው፤ ከአፋር በረሃ፣ ከአፍዴራ ሐይቅ ጨው ያነሣል፣ ሐዋሳ ያራግፋል። የሚያብሰለስለው ነገር ቢኖር አንድ ብቻ ነበር፦ ያየውን ቢነግር የሚያምነው ሰው ማጣቱ።

ከተማ በገባ ቁጥር መኪናውን አቁሞ፣ አቧራውን እንኳ ሳያራግፍ፣ ሐይቅ ዳር ወደ ብዙነሽ ቤት ይሄዳል። የብዙነሽ ቤት ማለት አራት አግዳሚ፣ አንድ የቆርቆሮ ጣሪያና አንድ ትልቅ የዓሣ ሾርባ ድስት ነው። ሕግም አለው። ወሬ ያወራ ይዳኛል፤ ዳኛዋ ብዙነሽ ናት። ዋሸ የተባለ የዕለቱን ቆሮሶ ዓሣ ቅርፊት ይፍቃል። ፍቅሬም ሳያስበው፣ ዓሣ አጥማጆቹ ራሳቸው የሚመሰክሩለት ቅርፊት ፋቂ ሆኖ ቀረ።

«ዛሬስ በረሃው ምን አለህ?» ትለዋለች ገና ሲገባ፣ ቢላዋውን አዘጋጅታ።

«እትዬ ብዙነሽ፣ መንገዱ እኮ ከባሕር ጠለል በታች ነው። መቶ ሜትር ያህል ዝቅ ብዬ ነዳሁ።»

«ታዲያ አልረጠብክም?»

ቤቱ በሳቅ ይናጋል። ፍቅሬም አብሮ ይስቃል፤ ወሬውን ግን አይተውም። እሳተ ገሞራ እንደ ገንፎ ገንፍሎ፣ እንደተገላበጠ ስለደረቀው ጎማ በል ጥቁር ድንጋይ ይነግራቸዋል። ሲጠጉት ስለሚሸሸው፣ ሰጎኖች እግር አልባ ሆነው ስለሚንሳፈፉበት የውሸት ሐይቅ ይነግራቸዋል። አንድ ጊዜ ጓደኛውን ተክቶ ዳሎል ሲሄድ ስላየው መሬት፤ ቢጫው እንደ እርድ፣ አረንጓዴው እንደ ቃሪያ፣ ከሥሩ የሚንተከተክ። ይህን ሁሉ እንደ ምንም ይታገሡታል። የማይታገሡት ዓሣዋን ነው።

«በጨው ሐይቁ ዳር ፍል ውሃ ይፈልቃል» ይላል። «እዚያ፣ ፍሉና ጨዉ በሚገናኙበት፣ ዓሣ አለች። ጣቴን ታክላለች። በገብርኤል!»

«ጨው ተነስንሶባት፣ ተቀቅላ ነው የምትዋኘው?» ይላል አጥማጁ አልአዛር። «ታዲያ ለብዙነሽ ምን ሥራ ቀራት? ሎሚ መጭመቅ!»

ቢላዋው ይመጣል።

አልአዛር ጴንጤ ነው፤ አይምልም። «አዎ ካልኩ አዎ ነው» ባይ ስለሆነ በዚያ ቤት አንድም ቀን ተፈርዶበት አያውቅም። እናም ፍቅሬ ጡረታ ሊወጣ ሁለት ምልልስ ሲቀረው፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ «ጋቢናው ባዶ ነው፤ ና ውጣ» አለው። አልአዛር እምቢ ቢል ፈራ ሊባል ነው። ወጣ።

በሦስተኛው ቀን አፍዴራ ደረሱ። አልአዛር ሐይቅ ሲያይ አያስችለውም።

«ቆይ እንጂ!» አለው ፍቅሬ።

ማን ሰምቶ! አርባ ዓመት ሐዋሳ ሐይቅ ላይ እንዳደረገው ልብሱን ጥሎ በጭንቅላቱ ተወረወረ። ሐይቁ ግን እንደ ቡሽ መልሶ ተፋው። ደገመ፤ አሁንም ተፋው። እግሩ ወደ ሰማይ፣ ዓይኑ እየተቃጠለ፣ «ፍቅሬ፣ ድረስልኝ! መስጠም አቃተኝ!» እያለ ጮኸ። ሻይ የምትሸጠው ኡሙልኸይር ንጹህ ውሃ በጀሪካን ይዛ ሮጣ፣ እየሳቀች ፊቱን አጠበችው።

«ወንድምህ ሐይቅ አይቶ አያውቅም እንዴ?» አለችው ፍቅሬን።

ፍቅሬ ሊመልስላት ሞከረ፤ ሳቁ አላስቆመው ብሎ መሬት ላይ ቁጭ አለ።

ከዚያ ፍል ውሃው ጋ ወሰደው። አልአዛር ተንበረከከ። ከድንጋዩ ሥር ትናንሽ ጥላዎች ተፈተለኩ። እጁን ቢነክር አንዷ መጥታ ጣቱን ነካ ነካ አደረገችው። እጁን ሳያወጣ ቆየ።

«ጌታ እዚህም ድረስ ይመጣል ማለት ነው» አለ በመጨረሻ፣ ቀስ ብሎ።

ፍቅሬ የሠላሳ ዓመት ጭነት ከትከሻው የተራገፈለት መሰለው።

ሲመለሱ የብዙነሽ ቤት ሞልቶ ጠበቃቸው። ብዙነሽ ጭልፋዋን እንደያዘች ቆመች።

«አልአዛር፣ አንተ አትዋሽም። ዓሣ አለ?»

«አለ።»

ፍቅሬ ከደስታው ብዛት ዓይኑን ጨፈነ።

«ፍል ውሃው ውስጥ?»

«ፍል ውሃው ውስጥ።»

«ምን ያህላል?»

የአልአዛር አፍ አይዋሽም። እጁ ግን የአጥማጅ እጅ ነው፤ የዓሣ ነገር ሲነሣ ባለቤቱን ፈቃድ አይጠይቅም። ሁለቱ መዳፎች ቀስ እያሉ ተራራቁ፤ ስንዝር ሞሉ፣ ስንዝርን አለፉ፣ ክንድ ደረሱ።

«እንዲህ!» አለ።

«አንተ ሰውዬ!» ፍቅሬ ከመቀመጫው ተስፈነጠረ። «ጣት ታክላለች እንጂ!»

«ምስክርና ባለጉዳይ አልተስማሙም» አለች ብዙነሽ። «ሁለታችሁም ፍቁ።»

ጎን ለጎን ተቀምጠው ፋቁ። አልአዛር እጁን እንደ ባዳ እያየ፣ «እኔ ምን ላድርግ፣ ራሱ ነው የተዘረጋው» ይላል፤ ፍቅሬ ሊቆጣው አፉን በከፈተ ቁጥር ሳቅ ይቀድመዋል።

የመጨረሻውን ጭነት ያራገፈ ዕለት ወዳጆቹ ሁሉ ተሰበሰቡለት። ብዙነሽ ትልቁን ቆሮሶ ጠብሳ ፊቱ አስቀመጠችና፣ «ጡረተኛ የለመነው አይነፈግም። ምን እናድርግልህ?» አለችው።

ፍቅሬ ተነሥቶ ቆመ።

«ከባሕር በታች መንዳቴ ይቅር። የሚሸሸው ሐይቅም፣ ቢጫው መሬትም ውሸት ይሁን። የአልአዛርን ዓሣ ለራሱ ለአልአዛር ተዉለት። እቺን ትንሿን ብቻ እመኑልኝ።»

ብዙነሽ «ያመነው እጁን ያንሣ» ብላ ዙሪያውን ቃኘች። እጁን ያነሣ አልነበረም።

«ጣትማ አታክልም» አለ አልአዛር፣ ከልቡ።