ለጀማል ያላሳየሁት አያያዝ

ባለፈው ሳምንት ሮቤ ከተማ፣ በልጅነት ጓደኛዬ በጀማል ሱቅ ውስጥ ሻይ እየጠጣሁ ነበር። ሴት ልጁ ሀያት ጊታር ታቅፋ ከስልኳ ላይ ትማራለች። ስልኩ ውስጥ አንድ ጎረምሳ አንዱን ሜጀር ኮርድ፣ አንድ ላይ የሚመቱትን ድምፆች፣ በሦስት ዓይነት አያያዝ ያሳያል። ያውም በነጻ! ደሜ ፈላ። በጎረምሳው አይደለም፣ በራሴ ነው።

ጎባ፣ አሥራ አንደኛ ክፍል ሳለን፣ እኔና ጀማል ጊታር የተማርነው ከመምህር ግርማ ነው። ፊዚክስ ሊያስተምሩ ከደሴ ተመድበው የመጡ ሰው ናቸው። ያን ጊዜ ጊታር የሚያውቅ ሁሉ ሌላው እንዳይቀዳበት እጁን ይደብቅ ነበር፤ መድረክ ላይ እንኳ ጣቱ እንዳይታይበት ጀርባውን ይሰጣል። እሳቸው ግን አይሰስቱም። በኅዳር ውርጭ ጣታችን ሲደነዝዝ፣ ጀማል እናቱ የቋጠሩለትን ጩኮ፣ ያን በቅቤ የራሰ የገብስ ዱቄት፣ ያካፍለኛል። ጣቱም ከእኔ ጣት ይቀለጥፍ ነበር፤ ይህን መቼም አልክድም።

ከዚያ የከተማው የኪነት ቡድን ጊታር ተጫዋች ፈለገ፤ አንድ ብቻ። ፈተናው ሳምንት ሲቀረው ጀማል ከአባቱ ጋር ጎሮ ገበያ ወረደ። መምህር ግርማ ዝውውር ደርሷቸው ዕቃ ሲሸክፉ አገኘኋቸው። አመልካች ጣቴን በስድስቱም ክሮች ላይ አጋድመው፣ በቀሩት ጣቶቼ ኮርዱን አስያዙኝ። ያንኑ አያያዝ ወደ ላይ ወደ ታች ሲያንሸራትቱት ሜጀር ኮርድ ሁሉ ከዚያው ይወጣል።

"ዘፋኝ በየትኛውም ድምፅ ቢነሳ አትቸገርም" አሉኝ። "ጊታሩን ለሁለታችሁ ትቼዋለሁ። ይህን ለጀማልም አሳየው፣ አደራ።"

ጀማል ሲመለስ መምህሩ ሄደዋል። "ሳይሄዱ ምን አሳዩህ?" አለኝ።

"ምን ያሳዩኛል! ያንኑ የምናውቀውን ነው።"

አመነኝ። አደራ በላ ማለት እኔ ነኝ።

የፈተናው ቀን ዘፋኟ ከለመድነው ድምፅ ከፍ አድርጋ ዘፈኗን ጀመረች። እኔ ጣቴን አጋድሜ ተከተልኳት። ጀማል ተራው ሲደርስ የሚያውቃቸውን አምስት ኮርዶች ሁሉ ሞከረ፤ አንዱም አልገጠመም። ከፈታኞቹ አንዱ ሳቀበት፤ ቦታውም ለእኔ ሆነ። ጀማል ጊታሩን ቀስ ብሎ አስቀመጠና "ወላሂ፣ ለአንተ ይገባል!" ብሎ አቀፈኝ። ከዚያ ወዲህ ጊታር አልነካም። ኪነቱም ሁለት ዓመት ሳይሞላው ተበተነ።

ሀያት ከስልኳ ቀና ብላ "አባ፣ አንተ ሞክረህ አታውቅም?" አለችው።

"ሞክሬ ነበር፤ ይሄ ጣቴ ደንቆሮ ሆነብኝ እንጂ" አለና ሳቀ። "ጋሼን ጠይቂው፣ እሱ ያውቃል።"

ልጅቷ ወደ እኔ ዞረች። "እውነት ነው ጋሼ?"

በዚህ ሁሉ ሽበቴ፣ አሁንም ዋሸሁ።

"እውነት ነው" አልኳት። "አባትሽ ጣቱ አልታዘዝ ብሎት ነው።"