ጉም ውስጥ የቀረው ባለቤቴ

ነገሩ የሆነው ባለፈው ዓመት፣ ክረምቱ ሊወጣ ሲል ነው። ዛሬም ጉም ሲወርድ ካየሁ ልቤ ይርዳል።

እኔና ባለቤቴ የምንኖረው ደብረ ማርቆስ ነው። እሱ አገር ማየት ይወዳል። አገዎች የሚኖሩበትን የአዊን ተራራ በእግራችን ልናይ ከእንጅባራ ተነሳን። መንገድ መሪ አልያዝንም። «ሰው ባለበት አገር ምን እንሆናለን?» አለኝ።

ወደ ቀትር ላይ ድንገት ጉም ሸፈነን። ባለቤቴ ከፊቴ ነበር። ድንጋይ ሲንከባለል ሰማሁ፤ ከዚያ ጩኸቱን። ቁልቁል ተንሸራትቶ እግሩ ተሰብሯል። ላነሳው ብሞክር አቃተኝ። ስልኩም ኔትወርክ የለውም።

«ሂጂ፣ ሰው ፈልጊ» አለኝ ጥርሱን ነክሶ። ጋቢዬን አልብሼው ሄድሁ።

እየወደቅሁ እየተነሳሁ፣ የውሻ ድምፅ ተከትዬ አንድ ቤት ደረስሁ። አንዲት አሮጊት ብቻቸውን ነበሩ።

«እናቴ፣ ባሌ ሊሞትብኝ ነው!»

በአገውኛ መለሱልኝ። እሳቸው አማርኛ አያውቁም፣ እኔ አገውኛ አላውቅም። ቢጨንቀኝ መሬት ላይ ተጋድሜ እግሬን ይዤ አቃሰትሁ። የታመምሁት እኔ መስያቸው ቅቤ አምጥተው እግሬን ያሹኝ ጀመር። «እኔ አይደለሁም!» እያልሁ አለቀስሁ። እሱ እዚያ ብርድ ላይ ወድቆ፣ እኔ እዚህ እታሻለሁ!

በመጨረሻ ስልኬን አውጥቼ ፎቶውን አሳየኋቸው። ፎቶውን ነካሁ፣ እግሬን ነካሁ፣ ወደ ተራራው ጠቆምሁ። ቅቤውን ጥለው ወጡና እሪ አሉ።

ጎረቤቶች ቃሬዛ ይዘው ደረሱ። አንደኛው አማርኛ ይችላል። «የት ላይ ነው የወደቀው?» ሲለኝ ወደ መጣሁበት ጠቆምሁ እንጂ ቦታውን መለየት አልቻልሁም። ዙሪያው ሁሉ ጉም ነው።

ተበታትነን ብንጣራ ባለቤቴ አይመልስም። አሮጊቷ አንድ ቃል ደጋግመው ይጮሃሉ።

«ምን እያሉ ነው?» አልሁት ሰውዬውን።

«ስሙን ስለማያውቁት ‹ልጄ፣ ልጄ› እያሉ ነው።»

ስናገኘው ከንፈሩ ጠቁሯል፣ ዓይኑ ተከድኗል። ሞተ ብዬ ደረቴን መታሁ። አሮጊቷ እጄን ለቀም አድርገው ሸሚዙ ውስጥ አስገቡት። ይሞቃል። ልቡ ይመታል።

እየተፈራረቁ ተሸክመው መኪና መንገድ አደረሱን። አሮጊቷም በባዶ እግራቸው የቃሬዛውን ጫፍ እንደያዙ እስከ መጨረሻው አብረውን ወረዱ። መኪናው ሲነሳ ምን ብዬ እንደምሰናበታቸው ጠፍቶኝ እጃቸውን ብቻ ሳምሁ።

ባለቤቴ አሁን በከዘራ ይራመዳል። «እንሂድና እንያቸው» ይለኛል። «አመሰግናለሁ» በአገውኛ ምን እንደሚባል ደብረ ማርቆስ ካለ አገው ጎረቤታችን ተምሬያለሁ። ሄጄ እንዳልነግራቸው ግን ያ ተራራ ገና ያስፈራኛል።