ስታዲየም ላይ የተዘፈነ ውለታ

ባሌ ልብስ ሰፊ ነው። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ሰው ሁሉ የሚያውቀው አስጨፋሪነቱን ብቻ ስለሆነ ነው። መንገድ ላይ ሲያዩት «ጡሩምባው! ጡሩምባው!» ይሉታል፤ እሱም ደረቱን ነፍቶ እጁን ያወዛውዛል። ቤት ሲገባ ግን ድምፁ የለም። «ምሳ ቀርቧል» ስለው «እሺ»። «ጣራው ያፈሳል» ስለው «እሺ»። «አንተ ሰውዬ፣ ትሰማኛለህ?» ስለው አሁንም «እሺ»። ሳምንቱን ሙሉ አፉን ቆጥቦ ከርሞ እሁድ ፊሽካውን አንጠልጥሎ ስታዲየም ሲገባ ነው ያንን ሁሉ ሕዝብ የሚያስጮኸው።

ግጥሙን የሚያወጣው ሱቃችን ውስጥ፣ ስፌት መኪናው ላይ ተቀምጦ ነው። በፔዳሉ ምት ያንጎራጉራል። ቤት አልመታ ካለው መኪናውን ያቆምና አንገቱን ደፍቶ ያስባል። ደንበኛ ሱሪውን ሊወስድ መጥቶ ደጅ ይቆማል። «ቆይማ አንዴ፣ ሊመጣልኝ ነው» ይለዋል። ደንበኛውን የምለማመጠው እንግዲህ እኔ ነኝ፤ ቁልፍ የምተክለው፣ የምዘመዝመው፣ ለቀጠሮው መዝረክረክ ይቅርታ የምጠይቀው ሁሉ እኔ።

ሦስተኛዋ ሰው ልብስ ተኳሿ ነበረች። ከመጋረጃው ጀርባ ካውያዋን ይዛ ቆማ ውላ ቆማ ታመሻለች። ባሏ ሞቶባት፣ ልጇን አዝላ ነው ሥራ ፍለጋ የመጣችው። ልጁ ያደገው መቁረጫ ጠረጴዛችን ስር ነው። እኔና ባሌ አልወለድንም፤ ስለዚህ ልጁ የእኛም ነበር፤ ባሌን «አባባ» እያለ ነው አፉን የፈታው። መሄድ ሲጀምር ባሌ ከየደንበኛው የተረፈ ጨርቅ አጠራቅሞ ቁምጣ ሰፋለት። አንዱ እግሩ ሰማያዊ፣ አንዱ ቡኒ፣ ኪሱ ደግሞ አበባ አበባ። እናቱ «ተው እባክህ፣ የሰው ጨርቅ ወሰደች ይሉኛል» ብላ አልቀበልም አለች። ባሌ «የተረፈው የኔ ነው፤ ማን አባቱ ነው የሚጠይቅሽ!» ብሎ በግድ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተላት። እኔ ቁጭ ብዬ አይቻለሁ።

ያ ልጅ ነው እንግዲህ ዛሬ አገር የሚያውቀው አጥቂ። በተከላካይ እግር መሀል ስለሚሾልክ ሹልኬ አሉት። ለእናቱ ደህና ቤት ገዛላት፤ እሷ ግን ካውያዋን አልተወችም። «ቤት ተቀምጬ ግድግዳ ላይ ላፍጥ?» ትላለች። ሰው የልጇን ማልያ ለብሶ ሱቃችን ሲገባ ከመጋረጃው ጀርባ አጮልቃ ታያለች፤ ከዚያ ምንም እንዳላየች ሆና ትተኩሳለች። እኔም ሳቄን እውጣለሁ።

ጉዱ የመጣው የሹልኬ ኮንትራት ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው ነው። ክለቡ «አድስ» አለው። እሱ በድሮው ክፍያ አልፈርምም አለ፤ እስክንስማማ ልምምድም አልገባም ብሎ ቤቱ ተቀመጠ። ወይ ሰው! ትናንት ትከሻ ላይ አውጥቶት የነበረው ሁሉ «ሆዳም» አለው። ዳቦ ቤቱ ፎቶውን ከግድግዳው ገነጠለ። አንዳንዱ ማልያውን አቃጠለ። ጎረቤታችን ፀጉር አስተካካዩ «የሹልኬን ቁርጥ አልቆርጥም» ብሎ ማለ። እሱ ራሱ በዓመት ሁለቴ ዋጋ ይጨምራል፤ ማንም ማልያ አላቃጠለበትም። «ልጁ እውነቱን ነው» ያሉም ነበሩ፤ ግን እነሱ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ነው የሚያወሩት።

ሌላው ደግሞ ማልያውን ይዞ ወደ ሱቃችን መጣ። «ስሙን አንሱልኝ» ይላል። ባሌ ፊደሉን ከጀርባው ላይ ይፈታል፤ ጨርቁ ስለሚጨማደድ ደግሞ ወደ ተኳሿ ይላካል። እናትዬዋ የልጇ ስም የተነሳበትን ማልያ እየተቀበለች ትተኩሰዋለች፣ አጥፋ ትሰጣለች። እኔ ዓይኗን ማየት አቃተኝ። አንድ ቀን ብቻ፣ ከመጋረጃው ጀርባ ሆና «ጉልበቱ ሲያልቅ ማን ይሰፋለታል?» አለች። 

ከዚያ የደጋፊ ማኅበሩ ሰዎች መጡ፤ ከበሮ መቺውና ሁለት ጓደኞቹ። «ጡሩምባው፣ ምነው ዘንድሮ አፍህ ተሰፋ?» አሉት። «እናቱ ካንተ ጋር ስለምትሠራ ነው አይደል? እንግዲህ እሁድ ካልተነሳህበት ፊሽካውን ለሌላ እንሰጣለን።» ይህን ሲሉ ተኳሿ ምሳ ልትበላ ወጥታ ነበር፤ ይመስገን። ባሌ ፔዳሉን መርገጥ ጀመረ፤ ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ አየሁት። ከፊሽካው ውጪ ሰው መሆን የሚቻል አይመስለውም፤ ይህንን ነው እስከ ዛሬ የማዝንበት።

እሁድ ዕለት እኔና ተኳሿ ሱቅ ነበርን፤ ሰኞ ትምህርት ስለሚከፈት ዩኒፎርም ተቆልሎብናል። ሬዲዮው ጨዋታውን ያስተላልፋል። ሹልኬ የለም፤ ቡድኑ ይደናበራል። መሀል ላይ ከበሮው ቆመ፣ ፊሽካ ተነፋ፣ ከዚያ የባሌ ድምፅ ወጣ። እኔ ያንን ድምፅ ከስንት ሺህ ሰው መሀል እለየዋለሁ።

«እናትህ ቁራጭ ጨርቅ ለቃቅማ አልብሳህ፣
ዛሬ ሐር አማረህ? የትናንቱን ረሳህ?»

ሕዝቡ ተቀበለው። አንዴ፣ ሁለቴ፣ ከዚያ ማቆሚያም የለው። የሬዲዮው ሰውዬ እየሳቀ «ዛሬ ጡሩምባው ተነስቶበታል!» አለ። ዘልዬ ሬዲዮውን ዘጋሁት፤ ግን ምን ዋጋ አለው፣ ስታዲየሙ ሩቅ አይደለም፣ በመስኮት ይሰማል።  መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ።

ተኳሿ ካውያውን ማሳረፊያው ላይ አቆመችና ወደኔ ዞረች። «እኔ ለቃቅሜ ነበር እንዴ?» አለችኝ።

«ኧረ በጭራሽ! እሱ ራሱ በግድ…» ብዬ ጀመርኩ። አልጨረስኩትም። እሷም አልጠበቀችኝም። የቀሩትን ሸሚዞች አንድ በአንድ፣ አንገትጌያቸውን ሳይቀር ተኮሰች። ካውያውን ነቀለች። «ሲቀዘቅዝ አስገቢው» ብላኝ ነጠላ ጫማዋን ቀይራ ወጣች።

ባሌ ሲመጣ ድምፁ ተዘግቶ፣ ፊቱ በርቶ ነበር። ሰፈር ድረስ ተሸክመው ነው ያመጡት። «ሰማሽ?» አለኝ።

«ሰማን።»

«እነማን?» አለና መጋረጃውን አየ። ፊቱ ሲጠቁር አየሁት። «እናት አልኩ እንጂ የማን እናት አልኩ?» አለ።

«ወይ አንተ! ለቃቅማ ያልከውስ? ማን ለቀመ? ቦርሳዋ ውስጥ የከተትከው አንተ አይደለህም?»

«ሰጠኋት ብል ቤት አይመታም» አለኝ። እንዲህ ነው ያለኝ፣ በአምላክ! የያዝኩትን መቀስ ጠረጴዛው ላይ ወረወርኩት። «አይምታልህ! ውለታህን ሕዝብ ፊት ስታሰጣው፣ ያውም ዋሽተህ፣ ትንሽ አታፍርም? በላብሽ አሳደግሽ በማለት ፈንታ ለቃሚ አደረግካት!» ሌላም ብዙ ተናገርኩ፤ ጎረቤት ሰምቶኛል። እሱ መኪናው ላይ ተቀመጠና ሁለት እጁን ጭኖቹ መሀል ከተተ። ከዚያ እንደ ልጅ አለቀሰ። በትዳር ዘመናችን ሲያለቅስ ሳየው ያን ቀን የመጀመሪያዬ ነው፤ አላባበልኩትም።

በማግስቱ ቤቷ ሄድን። በሩን ከፍታ አስገባችን፣ ውኃም ቀዳችልን፤ ያ ነው የባሰብኝ፣ ብታባርረን ይሻል ነበር። ባሌ ብርጭቆውን ሳይቀምሰው አስቀመጠ። «እህቴ፣ ምን እንደነካኝ አላውቅም። ፊሽካውን ሊቀሙኝ ሆነ፣ ፈራሁ። ይቅር በይኝ» አላት።

«እኔ ይቅር ብልህስ ምን ይሆናል?» አለችው። ድምፅዋ ቁጣ የለበትም። «ጠዋት ዳቦ ልገዛ ስወጣ የጎረቤት ልጆች ገመድ እየዘለሉ ይዘፍኑታል። እኔን ሲያዩ ዝም አሉ። ይህን ነገር ከአፋቸው አውጣልኝ። ያኔ ወደ ሱቁ እመለሳለሁ።»

«አወጣዋለሁ» አላት። «እኔ ነኝ ያመጣሁት፣ እኔ አጠፋዋለሁ። ልጁ ብቻ ይመለስ፤ ሌላ አስይዛቸዋለሁ።» እኔም አመንኩት። እሷም ያመነችው ይመስለኛል፤ እስከ በር ሸኘችን።

ብዙም ሳይቆይ ክለቡና ልጁ ተስማሙ። ሹልኬ ፈረመ። «ሆዳም» ያሉት ሁሉ «ድሮም የኛ ልጅ!» ማለት ጀመሩ፤ ዳቦ ቤቱም ፎቶውን መልሶ ለጠፈ፣ ቅዳጁን በፕላስተር አያይዞ። ባሌ ምግብ አልበላ፣ እንቅልፍ አልተኛ፣ ፔዳሉን ሲረግጥ ሰነበተ። ያወጣውን ግጥም ለኔ አሰማኝ፤ ከዚህ በፊት አድርጎት አያውቅም። እሁድ ደግሞ «አብረሽኝ ነይ» አለኝ። ኳስ ጠላ የምባለው ሴትዮ ስካርፍ አጥልቄ ሄድኩ።

ተኳሿ ከክብር እንግዶች ጋር ተቀምጣለች፤ ልጇ ለምኖ ነው ያመጣት። ካለሁበት ፊቷ በደንብ ይታየኛል። ሹልኬ ሜዳ ሲገባ ባሌ ፊሽካውን ነፋና ተነሳ፤

«ላቧን አፍስሳ ነው እናት ያሳደገችህ፣
እጇን ለሰው ሳትዘረጋ ለዚህ ያበቃችህ!»

ሕዝቡ ተቀበለው። ሞቅ ባይልም ተቀበለው። ባሌ ወደኔ ዞሮ አየኝ፤ ዓይኑ እንባ ሞልቶታል። እኔም ተመስገን አልኩ።

ከዚያ ሹልኬ አገባ። ስታዲየሙ ከመቀመጫው ተነቀለ። ከኋላችን አንዱ፣ በደስታ፣ በፍቅር፣ «እናትህ ቁራጭ ጨርቅ…» ብሎ ጀመረ። ሁሉም ያዘው። አሁን ስድብ አይደለም፤ እየተቃቀፉ፣ እየሳቁ፣ ስካርፋቸውን እያሽከረከሩ ነው የሚዘፍኑት። ባሌ «ተዉ! ተዉ!» እያለ ሁለት እጁን ማወናጨፍ ጀመረ። እነሱ ደግሞ የሚያስጨፍራቸው መሰላቸው፤ እጁ ከፍ ባለ ቁጥር ድምፃቸው ከፍ አለ። ፊሽካውን ነፋ፤ ምት የሰጣቸው መስሏቸው አጨበጨቡበት። ከበሮ መቺው በሳቅ እየፈነዳ ከበሮውን ይደልቃል። ባሌ ባሰበት፤ ፊት ለፊቱ የቆመውን ሰውዬ አፍ በመዳፉ ያዘ። ሰውዬው እጁን ስሞ መዝፈኑን ቀጠለ።

ሜዳው ላይ ሹልኬ ደስታውን ሊያካፍለን ወደኛ እየሮጠ ነበር። ግጥሙን ሲሰማ ቆመ። ባሌን አየው፤ እጁ አየር ላይ ተሰቅሎ። ከዚያ ጀርባውን ሰጥቶን ወደ መሀል ሜዳ ተመለሰ።

ወደ ቤት ስንሄድ የሰፈራችን መታጠፊያ ጋ ስንደርስ ባሌ ቆመና ክንዴን ያዘኝ። «እናቱን አየሻት?» አለኝ።

«አየኋት።»

«እኔም በጨረፍታ አይቻታለሁ። ስታጨበጭብ ነበር አይደል?»

«አዎ፣ አጨብጭባለች።»

«ስቃለችም።»

«ስቃለች።»

«እንግዲያውስ ይቅር ብላናለች ማለት ነው» አለ። ፊቴን እንደ ሕፃን ይመለከተዋል፣ አዎ እንድለው። እኔ ደግሞ እውነቱን አውቃለሁ፤ መጀመሪያ አላጨበጨበችም። የቁራጭ ጨርቁ ዘፈን ሲነሳ አጠገቧ ያሉት ትልልቅ ሰዎች እየሳቁ ዞረው አዩዋት፣ አንዱማ ትከሻዋን መታ መታ አደረጋት። ያኔ ነው ለማጨብጨብ እጇን ያነሳችው።

«ሰው ሁሉ እያያት ምን ታድርግ?» አልኩት።