ወደ ምሥራቅ የዘረጋሁት ምንጣፍ

የንስሐ አባቴ መስቀላቸውን ይዘው በሩ ሥር ቆመዋል። የባሌ እህት እጇን አጣጥፋ ከስኳር ጆንያዎቹ አጠገብ። ወገቤን የምታክመኝ ኬንያዊት የካቶሊክ መነኩሲት፣ ሲስተር የምንላት፣ ጫማዋን አውልቃ መስኮቱ ዘንድ። እኔ በመካከላቸው ምንጣፉ ላይ። ቦታው የባሌ እህት ሆቴል ዕቃ ቤት ነው፤ ሞያሌ፣ በኬንያ በኩል።

ባለፈው ዓመት ስቅለት መስገድ አቅቶኝ ከቤተ ክርስቲያኑ ግንብ ሥር ተቀምጬ ዋልኩ። ከልጅነቴ ጀምሮ አስታጉዬው አላውቅም ነበር። ከዚያ በኋላ ሲስተር ዮጋ አስተማረችኝ፤ መጎንበሱን፣ መዘርጋቱን፣ ትንፋሽ መያዙን። አየር ሳስገባ «እግዚኦ»፣ ሳስወጣ «መሐረነ» ማለቱን ግን ራሴ ነኝ የጨመርኩት። ቀድሞ ስጸልይ ሐሳቤ ገበያ ይሄድብኝ ነበር። እንዲህ ስል ይቆይልኛል።

ጸሎት ወደ ምሥራቅ ነውና ምንጣፉንም ወደዚያው ዘረጋሁት። አንድ ማለዳ ፀሐይ ስትወጣ እጆቼን ወደ ላይ ሰቅዬ ስጎነበስ የባሌ እህት በመስኮቱ አየችኝ። «ለፀሐይ ትሰግዳለች» ብላ ለአባ ነገረች። አልዋሸችም፤ ያየችው ያንን ነው።

«እንዲህ ሰቅላ!» አለች አሁንም፣ እጇን አንሥታ እያሳየች። «በስተርጅና ጂምናስቲክ! እንግዶቼ ቢያዩ ምን ይላሉ?»

«አንቺም ብትሞክሪው ደረጃ ስትወጪ ባላለከለክሽ» አልኳት።

አባ ወደ እኔ ዞሩ። «ልጄ፣» አሉኝ፤ በዕድሜ ብበልጣቸውም እንዲሁ ነው የሚሉኝ። «ስትጎነበሺ የማንን ስም ትጠሪያለሽ?»

«የክርስቶስን።»

«እሷስ ሌላ ስም አስተምራሻለች?»

ሲስተር አማርኛ ትሰማለች። «ፖሌ ፖሌ ብቻ ነው የምላት፣ አባ። ቀስ በይ።»

አባ በመስቀላቸው ወደ ምንጣፉ አመለከቱኝ። «እስቲ ስገጂ።»

ብወድቅ ዮጋውን እንደሚያስተዉኝ፣ ስቅለትንም ዳግመኛ ተቀምጬ እንደምውል አውቄያለሁ። ተንፍሼ ወረድኩ። ጉልበቴ፣ ከዚያም ግንባሬ መሬት ነካ። ስነሣ የባሌ እህት ልትደግፈኝ አንድ እርምጃ ቀርባ ነበር። ሳትነካኝ ቆመች።

«ድገሚ» አሉ አባ። ደገምኩ። ሦስተኛውን ሳይጠይቁኝ ሰገድኩ።

«ወደ ምሥራቅ ስትዞሪ ጸሎት ብቻ፤» አሉ። «ይህን የወገብሽን ነገር ወደ ጆንያዎቹ ዞረሽ አድርጊው። ለሚያይሽ ሰው እንቅፋት አትሁኚ።»

«እንግዲህ ለስኳር ትሰግዳለች ሊባል ነው!» አለች የባሌ እህት። ሲስተር ሳቀች። አባም መስቀሉን ለማሳለም ጎንበስ ሲሉ ከንፈራቸውን ነክሰው ነበር።

እስከ ስቅለት ድረስ በየማለዳው ወደ ጆንያዎቹ ዞሬ ሠራሁ።

በስቅለት ዕለት ድንበሩን ተሻግሬ ቤተ ክርስቲያን ዋልኩ። ወደ ማታ ተራዬ ሲደርስ አባ በወይራ ቅጠል ጀርባዬን ቸብ ቸብ አድርገው የምሰግደውን ቁጥር ነገሩኝ። ከፊቴ ከነበረችው ወጣት ያነሰ አልነበረም። እዚያው ሰግጄ ጨረስኩ። ነጠላዬን አራግፌ ለበስኩና ወጣሁ።