የእድሩ ማሾ

ደረጃው ላይ ላምባ ሸተተኝ።

መብራት ከጠፋ ሰንብቷል። የኮንዶሚኒየምን ኑሮ ታውቀዋለህ፤ መብራት ሲሄድ ውኃውንም ይዞት ይሄዳል፣ ምድጃው ብረት ሆኖ ይቀራል። ታች ያለችው ጎረቤቴ ከየት እንዳመጣችው እንጃ፣ አሮጌ የላምባ ምድጃ ኮሪደሩ ላይ አውጥታ ለኩሳለች። የፎቁ ሰው በየተራ ድስቱን ይጥድበታል።

"አባባ፣ ሽታው አስቸገርዎት?" አለችኝ።

አላስቸገረኝም። ቆሜ ሳብኩት እንጂ። ከዚያ እዚሁ ደረጃው ላይ ተቀመጥኩ። አንተም ቁጭ በል። መቼም ጨለማ ነው፣ የምትሄድበት የለህም።

ይህ ፎቅ ከመቆሙ በፊት እዚሁ ልደታ የጭቃ ቤት ነበረን፣ እኔና ሚስቴ። አንድ ክፍል ናት፤ ጣሪያዋ ቆርቆሮ፣ ግድግዳዋ ጋዜጣ የተለጠፈበት። ግቢው የጋራ፣ ቧንቧው የጋራ፣ ጠቡም የጋራ። እኔ አብነት ሰፈር እንጨት ቤት በርና መስኮት እሠራ ነበር። ጎረምሳ ነኝ፤ ከጉልበቴና ከግትርነቴ ሌላ ምንም አልነበረኝም። ግትርነቱ አሁንም አለ። ሚስቴ የመጀመሪያ ልጃችንን አርግዛ ነበር።

ነሐሴ ነው። ዝናብና ነፋስ ምሰሶውን ገነደሰው፤ የሰፈሩ ትራንስፎርመር እንደ መድፍ ጮኾ ተቃጠለ። ከተክለ ሃይማኖት እስከ አብነት ድቅድቅ አለ። ዛሬ ይሠራል፣ ነገ ይሠራል ተባለ፤ አልተሠራም። የእኛ መጋዝ በመብራት የሚዞር ስለሆነ እጃችንን አጣጥፈን ቁጭ። ወፍጮ ቤቱ ቆመ፤ ሴቶቹ እህላቸውን ተሸክመው ሩቅ ሰፈር ሄዱ። ሱቆች ሻማ ጨረሱ። ቀጥሎ ላምባ ጠፋ። የተረፈችው በየቤቱ ኩራዝ ውስጥ ያለችው ብቻ ናት። ኩራዝ አታውቅም መሰለኝ። ክር የገባባት ትንሽ ቆርቆሮ ናት፤ ከብርሃኗ ጭሷ ይበልጣል። ጠዋት ስንነሳ የሁላችንም አፍንጫ ጥላሸት ነበር።

ላምባ ለመቆጠብ አንዱ ቤት ሲያበራ ሌላው ያጠፋና እዚያ ይሰበሰባል። እራት በአንድ ኩራዝ ዙሪያ ይበላል፤ የማን ወጥ እንደሆነ አይታወቅም። ደስታ እንዳይመስልህ። ሰው በጨለማ ውሎ ሲያመሽ ይከፋል። በትንሽ ትልቁ ይናከስ ነበር። ግን እየተናከሰም አንድ ብርሃን ላይ ይቀመጣል፤ ሌላ ምን ምርጫ አለው?

እንዲህ ባለ ሰሞን ነው ሚስቴን ምጥ የያዛት፤ ገና ለዓይን ያዝ ሲያደርግ። መንገዱ ጎርፍ ነው፣ መኪና አይታሰብም። የሰፈሩ አዋላጅ መጡ። የሰፈሩን ልጅ ግማሹን የተቀበሉ አሮጊት ናቸው፤ ዓይናቸው ግን ደክሟል። ኩራዟን አስጠጋንላቸው። ትንሽ ቆይተው ብቅ አሉና እጄን ይዘው ደጅ አወጡኝ።

"ልጁ በእግሩ እየመጣ ነው" አሉኝ። "በዚህ ጭስ የሚታየኝ ነገር የለም። የምትወልድልህን ሴት ከወደድክ ብርሃን አምጣ። አለዚያ ሁለቱንም እንዳላጣብህ።"

በሰፈሩ አንድ ደህና ብርሃን ነበር፤ የእድሩ ማሾ። ማሾ ማለት ተነፍቶ የሚበራ ትልቅ የላምባ ፋኖስ ነው፤ ሹ... እያለ ቤቱን ቀን ያስመስለዋል። ነገር ግን የእድር ማሾ ለቅሶ ቤት እንጂ ሌላ ቤት አያውቅም። ድንኳኑም፣ አግዳሚ ወንበሩም፣ ማሾውም ሞት ሲጠራቸው ነው የሚወጡት። እድርተኛ ማሾው ደጅ ላይ መሰቀሉን ካየ ምን ተፈጠረ ብሎ አይጠይቅም፤ ነጠላውን አዘቅዝቆ ይመጣል።

ንብረት ያዡ ሽማግሌ ነበሩ፤ የዕቃ ቤቱን ቁልፍ እንደ ክታብ አንገታቸው ላይ ነው የሚያንጠለጥሉት። ሮጬ ሄድኩ።

"ለምን? ለምጥ?" አሉኝ። "አንተ ልጅ፣ ሟርተኛ ነህ? የሬሳን መብራት ወላድ ላይ ልታበራ?"

"አዋላጇ አይታያቸውም፣ አባባ።"

"ደንብ ደንብ ነው። ያለ ለቅሶ ወጥቶ አያውቅም። ነገ እድርተኛው ምን ይለኛል?"

በራቸው ላይ ጭቃው ውስጥ ቁጭ አልኩ። "ከሞተች ደጄ ላይ ሊሰቅሉልኝ አይደል? ያን ጊዜ ምን ያደርግልኛል? ያኔ የሚያበሩልኝን አሁን ያብሩልኝ!" አልኳቸው። "ካላበሩልኝ አልነሳም። እዚሁ ነኝ።"

ዝናቡ ከባርኔጣቸው ጠርዝ ይንጠባጠባል። ከዚያ ቁልፉን ከአንገታቸው አወለቁ።

"እኔ ራሴ ነኝ የምይዘው። አንተ ትሰብረዋለህ" አሉ።

ነፍተው ለኮሱትና ከፍ አድርገው ይዘው በጠባቧ መንገድ ወረድን። እኔም አላሰብኩት፣ እሳቸውም አላሰቡት። በጨለማ የሰነበተ ሰፈር ነው፤ ያ ብርሃን ሲያልፍ የማያይ ማን አለ? የእድሩ ጥሩንባ ነፊ ከደጁ ሆኖ አየ። ሞት ሲኖር መጀመሪያ የሚነገረው ለእሱ ነው። ዛሬ በጨለማው ረስተውኝ ነው ብሎ ተናደደ። ማን ሞተ ሳይል፣ ጥሩንባውን ይዞ ወጥቶ ነፋው!

ከዚያማ ምን ልበልህ። በሩ ሁሉ ተከፈተ፤ ሰው ማሾውን እየተከተለ ጎረፈ። ማሾው ወደ እኛ ግቢ ሲታጠፍ አዩ። ምጥ መያዟን ሰምተዋል።

"ወይኔ ልጄን! ወይኔ ሳትወልድ!" ብላ ጎረቤታችን ጠላ ሻጯ ደረቷን እየደቃች ግቢው መሃል ጭቃው ላይ ወደቀች። ወንዶቹ ግራና ቀኝ ያዙኝ።

"አይዞህ፣ የእግዜር ነው።"

"አልሞተችም! ልቀቁኝ!"

"ምስኪን፣ ከድንጋጤው ነው። ያዙት፣ እንዳይወድቅ።"

እኔ ስታገል፣ እነሱ ሲያፅናኑኝ፣ ከውስጥ የሚስቴ ድምፅ መጣ። ምጥ የሰነጠቀው ድምፅ ነው።

"ለማን ነው የሚለቀሰው?"

ግቢው ጭጭ አለ። ዝናቡ ብቻ ቆርቆሮውን ይመታል።

"ለእኔ ነው እንዴ? አልሞትኩም! ይልቅ ብርሃኑን አስገቡልኝ!"

ጠላ ሻጯ ከጭቃው ተነሳች። እንባዋን ሳትጠርግ ሳቀች። "እሰይ የኔ አንበሳ! ለቅሶሽን በቁምሽ ሰማሽው፣ ዕድሜሽ ረዘመ!" አለች። ጥሩንባ ነፊው ጥሩንባውን ጋቢው ውስጥ ሲሸጉጥ አየሁት።

ማሾው ገባ። አዋላጇ "እፎይ፣ አሁን ዓይኔ በራ" ሲሉ ሰማሁ። እኔ ደጅ ቆሜ በበሩ ስንጥቅ ብርሃኑን አያለሁ። ብርሃኑን ብቻ። ብዙም ሳይቆይ ቢጫ ሆነ፤ ሹሹታው ደከመ። ንብረት ያዡ ራሳቸውን ያዙ።

"ላምባው! ካለፈው ለቅሶ የተረፈች ናት እኮ!"

ጠላ ሻጯ ቤቷ ገባች። ኩራዟን ይዛ ወጥታ እፍ አለቻት፤ ክሩን ነቀለችና ያለቻትን ላምባ ጠርሙስ ውስጥ ገለበጠች። ሌላዋ አየቻት፤ እሷም ሄደች። ለለቅሶ የመጣው ሰው ሁሉ እየሄደ ኩራዙን አመጣ። በየመስኮቱ የምትታየው ጭላንጭል ተራ በተራ ጠፋች። ጥሩንባ ነፊው እንኳ "ይቺን ለጠዋት ነበር ያስቀመጥኳት" እያለ እያጉረመረመ ገለበጠ። ማሾውን አውጥተን እስክንሞላው ውስጡ ጨለመ። በዚያች ጨለማ ሚስቴ ስትጮህ ወደ በሩ ዘወር ስል ላምባው እላዬ ላይ ፈሰሰ። ንብረት ያዡ ጠርሙሱን ነጠቁኝ።

ደግመው ነፉት፤ በራ። ሰፈሩ ሁሉ ጨለማ፣ የእኛ ቤት ብቻ ቀን። ወደ ቤቱ የሄደ የለም፤ ምን ሊያይ ይሄዳል? በየጣሪያው ጠርዝ ሥር ተጠግተው ቆሙ። አጠገቤ የነበረ ሰው ጋቢውን አለበሰኝ፤ ማን እንደሆነ እስከዛሬ አላውቅም።

ሕፃን አለቀሰ። አዋላጇ "ሴት ናት! እናቷም ደህና ናት!" አሉ። እልልታው ቅድም ወይኔ ካለው አፍ ነው የወጣው።

ልጄን ሰፈሩ ማሾ እያለ አሳደጋት። ንብረት ያዡ ግን በእድሩ ስብሰባ ተወቀሱ። "ማን ሞቶ ነው ያወጡት?" ሲሏቸው፣ "ማንም እንዳይሞት" ብለው ቁልፉን አንገታቸው ላይ መልሰው ተቀመጡ።

ታች ያለችው ጎረቤቴ ምድጃዋን አጠፋች መሰለኝ፤ ሽታው ቀነሰ።

ሰፈሩ ፈርሷል። አዋላጇም፣ ጠላ ሻጯም፣ ጥሩንባ ነፊውም አልፈዋል። ሚስቴም ባለፈው ክረምት አረፈች፤ እዚሁ፣ ላይ ፎቅ። የአሁኑ እድር ጄኔሬተር አመጣ። ታች ከድንኳኑ እስከ ደጃችን አምፖል ዘረጉ፤ ዓይን ያጠፋል። ልጄ ትጮኻለች። ሰው ግራና ቀኝ ይዞኝ "አይዞዎት፣ የእግዜር ነው" ይለኛል።

እኔ ግን "ዝም በሉ፣ እስቲ አንዴ ዝም በሉ" እል ነበር። ከሐዘኑ ነው አሉ። ጆሮዬን ወደ ሚስቴ ክፍል አድርጌ ነው። ለማን ነው የሚለቀሰው ብላ ብትጠይቅ እንዳያመልጠኝ።