የጉሬዛዎቹ ጉማ

ጎህ ሲቀድ፣ ከእንጦጦ

ከእንጦጦ የተነሣነው በጥቅምት፣ ጭጋጉ ገና ከድንኳኖቹ ላይ ሳይገፈፍ ነው። ፈረንጁ እንግዳ በበቅሎ፣ እኔ በእግሬ፣ ስንቅ የያዙ ሁለት አሽከሮች ከኋላ ሆነን ወደ የካ ወረድን። የጉዟችን ዓላማ አንድ ነበር፤ እንግዳው ጉሬዛ አይቶ፣ አንዱን ገድሎ፣ ቆዳውን ለማስታወሻ ሊወስድ። እኔ አስተርጓሚ ነኝ። የፈረንጆቹን ቋንቋ ምጽዋ ተምሬ መጣሁ፤ ንጉሡ እንጦጦን ከተማቸው ካደረጉ ወዲህ የሚመጣው ፈረንጅ ሁሉ የሚበላውም የሚጠጣውም በእኔ አፍ ነው።

እውነቱን ልናገር፤ ጉሬዛውን ተፈላጊ ያደረግሁት እኔው ነኝ። ከሁለት ዓመት በፊት ለአንድ እንግዳ፣ «ይህ እንስሳ መናኝ ነው። እንደ ዝንጀሮ ማሳ አይዘርፍም፣ ቅጠል በልቶ ያድራል፣ ማለዳ ፊቱን ወደ ፀሐይ አዙሮ ዝም ብሎ ይቀመጣል» ብዬ አጫወትኩት። ባገራችን እንዲህ ይባላል፤ ከራሴ የጨመርኩት የለም። ሰውየው ሰምቶ ዓይኑ እንባ አቀረረ። በማግስቱ ሄዶ አንዱን ገደለ። ለወዳጆቹም ጻፈላቸው። ከዚያ ወዲህ እንጦጦ የሚደርስ እንግዳ እግሩን ሳይታጠብ «መናኞቹ የት ናቸው?» ይላል። እኔም እወስዳለሁ፤ መውሰዱንም እወደው ነበር። አፌ እንደዚያ መንገድ የሚጣፍጥበት ቦታ የለም።

በቁልቁለቱ ላይ ትኩስ የጥድ ሽታ አወደን። አምና ሰማይ የሚከልል ደን የነበረበት ቦታ አሁን ጉቶ ብቻ ነው፤ ለአዲሱ ከተማ ቤትና ማገዶ ሆኗል። እንግዳው ሽታውን ወዶት በረጅሙ ተነፈሰ። እኔም ወደድኩት፤ ጉቶዎቹን ግን ላለማየት ወደ ጭጋጉ አሻግሬ እመለከት ነበር።

ረፋድ፣ የካ

የካ ላይ እንደ ልማዳችን ኦቦ ቱሉ ቤት አረፍን። ኦቦ ቱሉ በዕድሜ የገፉ ንብ አናቢ ናቸው፤ ቀፎዎቻቸው የተሰቀሉት ጫካው ውስጥ ስለሆነ ጉሬዛ ያለበትን ከእሳቸው በላይ የሚያውቅ የለም። ባለቤታቸው ጭኮና እርጎ አቀረቡልን። ሌላ ጊዜ ገና ሳንጎርስ ከዘራቸውን የሚያነሡት ሰውዬ ዛሬ ከተቀመጡበት ንቅንቅ አላሉም።

«ዛሬም ይዘህ መጣህ?» አሉኝ።

«የንጉሥ እንግዳ ነው፣ ኦቦ ቱሉ። ምን ላድርግ?»

«ድሮ ማር ልቆርጥ ስገባ በየሸለቆው ወኒ ነበር።» ጉሬዛን በኦሮምኛ ወኒ ይሉታል። «አሁን የቀረው አንድ መንጋ ነው። አንዷም ወልዳለች። እሱን ከጨረስክ በኋላ ለእንግዳህ ምን ልታሳየው ነው? እኔን?»

እንግዳው ምን እንዳሉ ጠየቀኝ። «መንገዱ ደረቅ ነው ይላሉ» አልኩት። አሽከሮቹ ወደ መሬት አቀረቀሩ። እርጎውን ሳልጨርስ ተነሣሁ።

ጫካው

ኦቦ ቱሉ ባይመሩንም ወጣን፤ መንገዱን አውቀዋለሁ። በየካና በካራ መካከል ብዙ ሸለቆ አለ፤ የትኛው እንደሆነ ግን አልጽፍም። ከዓለት የተፈለፈለ አሮጌ ቤተ ክርስቲያን አለበት ብል ይበቃል። በበሩ ፊት ካለው ወይራ ላይ የድንጋይ ደወል ተንጠልጥሏል።

ከዚያ ወዲያ ያለው ደን ሕልም ነው። ከየጥዱ ቅርንጫፍ ረጅም የዛፍ ሽበት ተንዘርፍፏል፤ ጭጋጉ በመካከሉ ቀስ እያለ ያልፋል፤ የብርሃን ዘንግ እዚህ ወርዶ እዚያ ይጠፋል። ምን ያህል እንደቆምን አላውቅም። ከዚያ አንዱ ሽበት ተንቀሳቀሰ። ጉሬዛ ነበር። ነጭ ካባው ከትከሻው ወርዶ፣ ነጭ ጅራቱ ተንጠልጥሎ፣ ፊቱን ወደ ፀሐይ አዙሯል። ሌላም ታየኝ፤ ሌላም። ደረቷ ላይ እንደ ጥጥ የነጣ ግልገል የታቀፈች እናት ከሁሉም በታች ተቀምጣለች። ከሰባት አይበልጡም። ስንት ጊዜ ስለነሱ አውርቻለሁ፤ ቆሜ ያየኋቸው ግን ያን ቀን ነው። ደስታም ሐፍረትም አንድ ላይ መጡብኝ።

እንግዳው ጠመንጃውን አነሣ። አፈሙዙን ወደ እናቲቱ አዞረ።

ባገራችን ደም ያለበት ሰው ከባለደሞቹ ሸሽቶ ደብር ገብቶ ደወል ከመታ፣ ሽማግሌ እስኪያስታርቀው ድረስ የሚነካው የለም። እግሬ መቼ ወደ ወይራው እንደወሰደኝ አላስታውስም። ድንጋዩን በድንጋይ ደጋግሜ መታሁት። ሸለቆው አስተጋባ፤ ጥዶቹ ተናወጡ፤ ነጩ ካባ ሁሉ ከዛፍ ዛፍ እየዘለለ ጭጋጉ ውስጥ ገባ።

ቄሱ መስቀላቸውን ይዘው ወጡ። «ልጄ፣ የማን ደም አለብህ?»

«የጉሬዛዎቹ ነው፣ አባ። እንግዳ እያመጣሁ ያስጨረስኳቸው እኔ ነኝ።»

ቄሱ ሊቆጡ ወይ ሊስቁ አፋቸውን ከፈት አደረጉ። ይህን ጊዜ ደወሉን ሰምተው እያለከለኩ የደረሱት ኦቦ ቱሉ ከኋላዬ፣ «ባለደሙ እኔ ነኝ» አሉ። ቄሱ መስቀላቸውን በመካከላችን አነሡ።

እንግዳው በንዴት ቀልቷል። ሌላ ሸለቆ እንዲወስዱት አሽከሮቹን በምልክት አዘዛቸው፤ እነሱ ግን ደወል ተመትቶ ደም አይፈስም ብለው የበቅሎዋን ልጓም ይዘው ፊቷን ወደ እንጦጦ መለሱ።

እኛ ወይራው ሥር ተቀመጥን። የደም ካሣ ጉማ ይባላል፤ በከብት ይከፈላል። ኦቦ ቱሉ ግን፣ «ከብትህን አልፈልግም። አፍህን ስጠኝ። ስለ ወኒ ለእንግዳ አታወራም፤ መንገዱንም አታሳይም» አሉ። መስቀል መትቼ ማልኩ። እንደ እኔ በአፉ ለሚያድር ሰው ከመቶ በሬ ይህ ይከብዳል።

ሳይመሽ፣ እንጦጦ

ፀሐይ ሳትጠልቅ ቤቴ ደረስኩ። እንግዳ ተቀባዩ ሹም በር ላይ ቆመው ይጠብቁኝ ነበር።

«አሳፈርከን። ከነገ ወዲያ ሌላ እንግዳ ይመጣል፤ ትወስደዋለህ፤ ትክሳለህ።»

«መንገዱ ጠፍቶብኛል፣ ጌታዬ።»

«በአንድ ቀን?»

«በአንድ ቀን።»

ሥራዬን ለሌላ አስተርጓሚ ሰጡት። ቋንቋውን ከእኔ ይልቅ ያውቃል፤ ቅን ሰውም ነው። ሊያጽናናኝ መጥቶ ሲወጣ፣ «እኔ ለእንግዶቹ ምን ላሳያቸው?» ብሎ ጠየቀኝ።

ቆንጆ ነገር በወሬ እንደሚያልቅ ያ ጉዞ አስተምሮኝ ነበር። ቢሆንም ሰውየው አሳዘነኝና፣ ከእንጦጦ ሥር ስላለው ፍል ውሃ፣ ማለዳ ላይ ስለሚወጣው እንፋሎትና ስለሚያርፉበት ወፎች ነገርኩት። ዓይኑ እየበራ ሰማኝ። ይህንንም እንደ ጉሬዛዎቹ አሳምሬ እንደነገርኩት የገባኝ እየሮጠ ሲወጣ ነው።