በምሳ ሰዓት የቀደድኩት ገጽ

እስከ ትናንት ድረስ ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም ነበር። ለሚስቴም አልነገርኳትም። በየዓመቱ ለፋሲካ ኑዛዜ ስገባ ለአባ «ዋሽቻለሁ፣ ታብያለሁ» እላቸዋለሁ። ምን ብዬ እንደዋሸሁ፣ በማን ላይ እንደዋሸሁ ግን አንድም ቀን ከአፌ አልወጣም። እሳቸውም አልጠየቁኝም፤ እኔም ባለመጠየቃቸው ደስ እያለኝ ወጥቻለሁ። እንዲህ ያለው ንስሐ ንስሐ ይባላል? እናንተ ፍረዱ። እኔ ከመጽሐፍ ላይ ገጽ ቀድጃለሁ። እኔ በቀደድኩት ገጽ አንዲት ሴት ተወንጅላለች።

ሆሳዕና ውስጥ በአንድ የጤና ኮሌጅ አስተምር ነበር። መምህሩም ተማሪውም አንድ ለአምስት የተደራጀበት፣ ሹመቱም ሽረቱም በግምገማ የሚያልፍበት ዘመን ነው። የጊምቢቹ ገበሬ ልጅ ነኝ። ከሰፈራችን በዲግሪ የተመረቅሁት የመጀመሪያው እኔ ስለሆንኩ፣ ገበያ ስወጣ ሽማግሌዎች ሳይቀሩ ከመቀመጫቸው ይነሱልኝ ነበር። አማርኛውንም እንግሊዝኛውንም ትምህርት ቤት ገብቼ በመከራ ነው የተማርኩት፤ አንዴ በቃሌ የያዝኩትን ነገር እንደ ርስት ነበር የምጠብቀው። የማስተምርበትን ደብተር የጻፍኩት ተማሪ ሳለሁ ነው። ከዓመት ዓመት አንድ መስመር ሳልለውጥ ሰሌዳ ላይ እገለብጠው ነበር።

ከማስተምራቸው ነገሮች አንዱ ሰውነታችን ባክቴሪያ መግባቱን በምን እንደሚያውቅ ነው። በአንዳንድ የነጭ ደም ሴሎች ላይ ተቀባይ የሚባል ፕሮቲን አለ። ግማሹ ከሴሉ ውጪ ነው፣ ግማሹ ውስጥ። የውጪው ክፍል ባክቴሪያው የለበሰውን ቅባት ሲያገኝ ውስጥ ማንቂያ ይደወላል፤ ትኩሳቱም እብጠቱም የሚመጣው ከዚያ ነው። በእኔ ደብተር ውስጥ ይህ ተቀባይ ብቻውን የቆመ ዘንግ ነበር። አንድ ዘንግ ይዞ ይደውላል፣ አለቀ።

ታደለች ከዱራሜ ወዲያ ካለ ቀበሌ የመጣች፣ ጤና ጣቢያ አምስት ዓመት ሠርታ ደረጃዋን ልታሻሽል የገባች ተማሪዬ ነበረች። ታናሽ እህቷ በወለደች በሳምንቷ በትኩሳት እጇ ላይ ሞታባታለች። አንድ ቀን ከክፍል ስንወጣ ተከትላኝ መጣችና፣ «መምህር፣ መድኃኒቱን ሰጥተናት ነበር። ባክቴሪያው እየሞተ እሷ ለምን ሞተች?» ብላ ጠየቀችኝ። አላውቅም ማለት ሞት መሰለኝ። «እሱ ፈተና ላይ አይመጣም» ብያት ሄድኩ።

መልሱን ፍለጋ ቤተ መጻሕፍት ገባች። በዚያ ዓመት በስጦታ የመጣ አዲስ መጽሐፍ ነበር፤ አንድ ቅጂ ብቻ ስለሆነ ከክፍሉ አይወጣም። በሌላ ሳምንት ዘንጌን ሰሌዳ ላይ ስዬ ሳልጨርስ እጇን አወጣች።

«ይቅርታ መምህር፣ መጽሐፉ ላይ ያለው ሥዕል ሌላ ነው። ተቀባዩ እንደ ማጭድ የተቆለመመ ነው። ቅባቱን የሚይዘው ደግሞ ከጎኑ የተለጠፈ ትንሽ ፕሮቲን ነው። ከዚያ ሁለት ማጭዶች ሲገጣጠሙ ነው ውስጥ የሚደወለው። አንዱ ብቻውን አይደውልም።»

ከኋላ አንድ ተማሪ ሳቀ። በእኔ ይሳቅ በእሷ እስከ ዛሬ አላውቅም። ጆሮዬ ጋለ። «የምትፈተኚው እኔ ባስተማርኩሽ ነው» አልኳት።

ፈተናው ላይ ተቀባዩን ሥላችሁ አስረዱ የሚል ጥያቄ አወጣሁ። ለምን አወጣሁት? ስንት ሌላ ጥያቄ እያለ? ታደለች ሁለቱን ማጭዶች በእርሳስ አሳምራ ሣለች፤ እኔ በቀይ ዜሮ ሰጠሁ። ያኔ አላወቅሁም ነበር ልበላችሁ? ጠርጥሬ ነበር። መጽሐፉ ከቢሮዬ ሃምሳ እርምጃ ላይ ተቀምጦ ሄጄ ያላየሁት ስለጠረጠርኩ ነው። ያ ዜሮ ከአንደኝነት አወረዳት። አንደኛ የወጣ ተማሪ ደግሞ ኮሌጁ ውስጥ ረዳት መምህር ሆኖ ይቀር ነበር።

አቤቱታ አስገባች። ዲኑ አስጠርቶ፣ «መምህር ሃንዲሶ፣ ዓርብ ኮሚቴ ይቀመጣል። ልጅቷ መጽሐፉን ከነገጹ ጠቅሳለች፤ ተዘጋጅ» አለኝ። በዚያው ወር ግምገማ የትምህርት ክፍል ኃላፊነቱ ለእኔ ሊጸድቅ ነበር።

ሐሙስ በምሳ ሰዓት ቤተ መጻሕፍት ሄድኩ። መጽሐፍ የሚያይ ተማሪ መዝገብ ላይ ይፈርማል፤ እኛ መምህራን አንፈርምም። ሠራተኛዋ ወይዘሮ ዘነበች፣ «እርስዎ ካሉማ አልቆልፈውም፣ ምሳዬን ቀምሼ ልምጣ መምህር» ብላኝ ወጣች። ብቻዬን ቀረሁ። ገጹን ገለጥኩት።

ሁለት ማጭዶች። አንዱ ሰማያዊ፣ አንዱ አረንጓዴ፤ በመካከላቸው በትናንሽ ኪሶች የተወሸቀ የባክቴሪያ ቅባት። ልክ እሷ እንደሣለችው ነበር፤ ከቀለሙ በቀር ያጎደለችው የለም። ከሥሩ ያለውን ጽሑፍ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ማንቂያው ከልክ ሲያልፍ ሰውነት ራሱን እንደሚጎዳ፣ የደም ግፊት ወርዶ ሰው እንደሚሞትም እዚያው ተጽፏል። ስለ እህቷ ለጠየቀችኝ መልሱ ነበር፤ እኔ ፈተና ላይ አይመጣም ያልኩት።

መጽሐፉን ዘግቼ ዲኑ ቢሮ መሄድ እችል ነበር። «ተሳስቻለሁ» ለማለት አንድ ቃል ነው የሚፈጀው። እኔ ግን በግራ እጄ መጽሐፉን ተጭኜ በቀኝ እጄ ገጹን ቀደድኩት። ድምፁን ለመሸፈን ሳልኩ፤ የሚሰማኝ ሰው በሌለበት። በሸሚዜ ውስጥ ከትቼው ስወጣ ወረቀቱ ከላቤ ጋር ሆዴ ላይ ተለጥፎ ነበር። ቤት ደርሼ ማድቤት እሳት ውስጥ ጨመርኩት። የሚያብረቀርቅ ወረቀት ቶሎ አይነድም። ቆሜ ጠበቅሁት።

ዓርብ ዕለት ከኮሚቴው ሦስት ሰዎች ይህን ትምህርት የሚያውቅ አልነበረም። ታደለች መጽሐፉን ራሷ ገለጠች። ወደፊት ሄደች፣ ወደኋላ ተመለሰች፣ ጣቷን በተቀደደው ጠርዝ ላይ አሳለፈች። «እዚህ ነበር» አለች። አንዱ ኢንተርኔት ላይ እንፈልገው ቢል መስመሩ ከተቋረጠ ሳምንት አልፎታል ተባለ። እዚህ ላይ ዝም ብል እንኳ በደሌ አንድ በሆነ ነበር። ዝም አላልኩም። «መጽሐፉን መጨረሻ ያየው ማን እንደሆነ መዝገቡ ይታይ» አልኩ።

መዝገቡ መጣ። የመጨረሻው ፊርማ የእሷ ነበር።

ሰብሳቢው፣ «ገጹ ስላልደገፈሽ ነዋ የቀደድሽው!» አላት። እሱን አላየችውም፤ ወደ እኔ ዞረች። «መምህር፣ እርስዎ እንኳ ይንገሩልኝ። እኔ መጽሐፍ እቀድዳለሁ?»

ከዚያ ሁሉ ሰው መካከል እኔን ነበር የለመነችው። እኔን!

«እኔ ምን አውቃለሁ» አልኩ።

ማስጠንቀቂያው ማኅደሯ ውስጥ ገባ፤ ረዳት መምህርነቱ ለሌላ ተሰጠ። እኔ ኃላፊ ሆንኩ። በዓመቱ ዘንጉን ከደብተሬ ሰርዤ ሁለቱን ማጭዶች ሰሌዳ ላይ ሣልኩ። ተማሪዎቹ ዝም ብለው ገለበጡ።

ዓመታት አለፉ። እናቴ አዲሎ የተዳረችውን እህቴን ልትጠይቅ ሄዳ እዚያው ታመመች። ደውለውልኝ ስደርስ ሰውነቷ ይንቀጠቀጣል፣ ነገርም ይምታታባታል። ጤና ጣቢያ ይዘናት ስንገባ በር ላይ የተቀበለችን ታደለች ነበረች። ለእኔ ጊዜ አልነበራትም። የእናቴን እግር ዳሰሰች፣ ትንፋሿን ቆጠረች፣ ግፊቷን ለካች፤ ግሉኮሱንና መርፌውን በአንድ ጊዜ አዘዘች። አብራት ለምትሠራው ነርስ፣ «ወባ ነው ብለሽ እንዳትዘናጊ። ባክቴሪያው ብቻ አይደለም፤ የራሷ ሰውነት ማንቂያ አልቆም ብሎ ነው የሚጥላት። መኪና ጥሪ፣ ሆስፒታል ትሂድ» ስትል ሰማሁ።

ያንን ያስተማራት ማን ነው? እኔ አይደለሁም።

መኪናው እስኪመጣ ኮሪደሩ ላይ ቆመን ሳለ አየችኝ። «መምህር! እንደምን ነዎት? አይዞዎት፣ እማማ ይድናሉ» አለችኝ፤ ጎንበስ ብላ፣ እንደ ድሮው።

«ታደለች» አልኩ።

«አቤት፣ መምህር።»

ጠበቀችኝ። ፊቴን እያየች ጠበቀችኝ። ገጹን የቀደድኩት እኔ ነኝ ለማለት ከዚያ የተሻለ ጊዜ አይገኝም ነበር። እኔ ግን «እግዚአብሔር ይስጥልኝ» ብዬ ወደ እናቴ ዞርኩ። እናቴ ዳነች። ያን ቀን ዝም ማለቴ ከመቅደዴ ይብስ እንደሁ አሁንም አላውቅም።

ግምገማው አስፈርቶኝ ነው ልል እችላለሁ። ወጣት ነበርኩም ልል እችላለሁ። ሁለቱም እውነት ነው፤ ግን ገጹን የቀደደው ፍርሃት አይደለም፣ እጄ ነው። እሷ ብታስተምር ኖሮ ስንት ነርስ ያንን የመሰለ ትኩሳት ለይታ በደረሰች? እሷን ብቻ አይደለም የበደልኩት።

ትናንት ለኮሌጁ ስሜን ጽፌ፣ ፈርሜ፣ ማስጠንቀቂያው ከማኅደሯ እንዲወጣ ደብዳቤ አስገባሁ። አንድ ደብዳቤ ደግሞ ወደ አዲሎ ለታደለች ላክሁ። እሱ ላይ ሦስት ጊዜ «ይቅር በይኝ» ብዬ ጽፌ ሦስቴም ሰረዝኩት። ይቅር ማለት ከባድ ሥራ ነው፤ እሷን አሁንም ሌላ ሥራ ማዘዝ መሰለኝ። በመጨረሻ የቀረው ሁለት መስመር ነው፦

«ገጹን የቀደድኩት እኔ ነኝ። አንቺ ልክ ነበርሽ።»